የጣራው መከታና የእኛ ነጻነት

ንባብ፦ ዘዳግም 22፥8

“ትራፊክ አለ! ጎንበስ በሉ!”

ከኮንፈረንስ ስንመለስ፣ ትርፍ ሰው በጫነ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ይህን ሲል ስንቶቻችን ጎንበስ ብለናል? ከደቂቃ በፊት እየዘመርን ነበር፤ ፖሊሱን ካለፍን በኋላም ሳቅንና መዝሙራችንን ቀጠልን። ቀበቶውንም እንዲሁ ፖሊስ ስናይ ደረታችን ላይ ጣል እናደርገዋለን፤ ሲርቅ እንለቀዋለን።

ስንወቀስ ሁለት መልስ አለን። አንዱ “ሕይወቴ የራሴ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?” የሚል ነው። ሌላው “ጌታ ይጠብቀናል” የሚል ነው። በቃሉ ፊት ሁለቱም አይቆሙም።

በዋጋ የተገዛ ሰው “ሕይወቴ የራሴ ነው” ሊል አይችልም። እስራኤልን ከባርነት ያወጣ አምላክ፣ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ አዘዘ። ቤቱ የሰውየው ነው፤ የሚወድቀው ሰው ደም ግን በእርሱ ላይ ይሆናል። እግዚአብሔር ነጻ ላወጣው ሕዝብ የደህንነት ሕግ መስጠቱን ልብ እንበል።

“ጌታ ይጠብቀናል” ለምንለውም፣ መዝሙር 91ን ጠቅሶ “ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር” ያለው ማን እንደ ነበር አንርሳ። ጌታችን ያንን እምነት አላለውም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው አለው። ነህምያም ጸለየ፤ ጠባቂም አቆመ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ዋነኛው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ይህ የሰንበት ትምህርት ልጆቻችንና የመዘምራኖቻችን ዕድሜ ነው።

መንግሥት ያዘዘው ሁሉ ትክክል ነው አንልም። ዳንኤል ጸሎት ሲከለከል ጸለየ፤ ሐዋርያትም በስሙ እንዳይናገሩ ሲታዘዙ እምቢ አሉ። በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ ምእመናን በየቤቱ በስውር ተሰበሰቡ። እነርሱ የተሸሸጉት ስለ ክርስቶስ ስም ነው። እኛ ሚኒባሱ ውስጥ የተሸሸግነው ግን ሁለተኛ መኪና ላለመከራየት ነው! የእነርሱን ስደት ለእኛ ቸልተኝነት መሸፈኛ አናድርገው።

ወገኖች፣ ነጻ የወጣነው ለወንድማችን በፍቅር እንድንገዛ ነው። ለሚቀጥለው ኮንፈረንስ በጀት ስንይዝ ሁለተኛውን መኪና እንጨምር። መሪው ቀበቶውን አስቀድሞ ይሰር። ከዚያም ቀና ብለን ተቀምጠን እንዘምር።

ጌታ ይርዳን።