ስለ ለውዝና ስለ ተቃጠለ ስኳር

በዚህ ዕትም ስለ ከረሜላ ለመጻፍ ስንነሣ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላ ጉዳይ አጣ ወይ?» የሚሉን ጓደኞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና የተመላለሰ ሰው በተቃጠለ ስኳር የተያያዘ ለውዝ ተቆራርጦ ሲሸጥ ሳያይ አይቀርም። ገዢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትና እንደ እኛ ያሉ ኪሳቸው የሳሳ ተማሪዎች ናቸው።

ፈረንሳዮች ይህን የመሰለውን ጣፋጭ «ፕራሊን» ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዓመት ከነበረ አንድ የጦር ማርሻል ነው። ፈጭተው እንደ ሊጥ ካለሰለሱት በኋላ በኬክ መካከል ይቀቡታል። እኛ ደግሞ የባቢሌን የመሰለ ለውዝ አለን። ስኳርም ቢሆን በፋብሪካ ማምረት የጀመርነው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ነው፤ (ከውጭ የምናስገባው ሳይረሳ!)።

የሚያሳዝነን የኬክ ቤቶቻችን ነገር ነው። ጾም ሲገባ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል ይቀራሉ፤ አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾም ምእመን ይህ ጊዜ ከዓመቱ እኩሌታ ይበልጣል። ያን ጊዜ «የጾም ኬክ» ተብሎ የሚቀርብልን ብዙውን ጊዜ ቀለም የገባበት የዘይት ክሬም የተደፋበት ዳቦ ነው። ለውዝና ስኳር ግን ለጾመኛው የተፈቀዱ ናቸው፤ ለረመዳን ማፍጠሪያም ቢሆን ማን ይጠላቸዋል? ኮልፌን ለመሰለ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ ለሚኖርበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ የጋራ ጣፋጭ አይታየንም።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ስኳሩ በዝግታ እሳት ቀልጦ የማር መልክ ሲይዝ የተቆላውንና የተፈተገውን ለውዝ ጨምሮ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ መዘርጋት ነው። የቡና መልክ እስኪይዝ ከቆየ ይመራል። ሲቀዘቅዝ በሙቀጫ ወቅጦ በኬኩ ላይ መነስነስ ይቻላል፤ ነገር ግን እርጥበት ስለሚስብ ሊበላ ሲል እንጂ ከማለዳው ቢነሰነስ ይሟሟል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝተዋል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ሲሆን፥ መቁላት ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያጠፋውም። ሻጋታው የሚበረታውም ለውዙ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ነው። የጨማደደውንና መልኩ የተለወጠውን ፍሬ ለቅሞ መጣል አደጋውን በብዙ ይቀንሳል። የተቃጠለ ስኳር ግን መልክንም ምሬትንም ይሸፍናል፤ ሕፃኑ በሳንቲሙ የገዛውን በምን ይለየዋል?

ስለዚህ ሻጮቹ ይባረሩ አንልም፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሥራ ነው። የምንለው ኬክ ቤቶችና የተማሪ መዝናኛ ክበቦች በእጅ የተለቀመ ለውዝ የሚያቀርቡትን ሴቶች መርጠው፥ ለልቅሚያው ድካም ዋጋ ጨምረው ይግዙ ነው። የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ጓደኞቻችንም አለቃቀሙንና አደራረቁን ወደ ገበያው ወርደው ቢያሳዩ ትምህርታቸው አይቀንስባቸውም።

ለሙከራው የእኛው ክበብ ይበቃል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ቢጀምር ሰልፉን እኛ እንይዛለን።