ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?

ባለፈው ሳምንት በማታ ጥናት ሰዓት አንዲት እህታችን የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እኩልታው ሲገለበጥ የኢንታልፒው ምልክት ለምን ይገለበጣል?» አለችን። ስምንት ነበርን። ስምንታችንም የሄስን ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ተምረን፣ ተፈትነን ያለፍን ነን። መልሳችን ግን «ሕጉ ነዋ!» ብቻ ሆነ። አፈርን።

ነገሩ እኮ ሲያስቡት ከባድ አይደለም። ጀርሜን ሄስ እ.ኤ.አ. በ1840 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ያስታወቀው ሕግ፣ መነሻና መድረሻው አንድ እስከሆነ ድረስ አጸግብሮቱ በአንድ እርምጃም ይሁን በብዙ ጠቅላላው የኢንታልፒ ለውጥ አንድ ነው ይላል። ከወንዝ ተነስቶ ኮረብታ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው በአቋራጭም ይሂድ በጠመዝማዛው፣ የወጣው ከፍታ ያው ነው። ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወርዳል። ምልክቱ የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ድካሙ ግን እንደ መንገዱ ይለያያልና ተማሪ ፊት ስንቆም «ከፍታ» እንበል እንጂ «ድካም» አንበል።

ጥቅሙስ? ከሰልን እንውሰድ። 1 ሞል ካርቦን በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ 393.5 ኪሎ ጁል ሙቀትም ይሰጣል። አየር ሲያንሰው በዝግ ቤት ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። የዚህን ሙቀት በቀጥታ መለካት ያስቸግራል፤ ዳይኦክሳይዱ ይቀላቀልበታል። ሞኖክሳይዱ ራሱ ነዶ ዳይኦክሳይድ ሲሆን የሚሰጠው 283.0 ኪሎ ጁል ግን ይለካል። ታዲያ ከ393.5 ላይ 283.0 ሲቀነስ 110.5 ይቀራል። የተፈለገው ሙቀት ይኸው ነው፤ ሙቀት ስለወጣም ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። አየር ያነሰው ከሰል መርዝ ይሰጠናል፤ ሙቀቱ ግን ከሲሶ በታች ነው ማለት ነው። ይህን ለእናቶቻችንም ልንነግር እንችላለን።

አንዳንዶቻችን «ለፈተና ስሌቱን መያዝ ይበቃል» እንላለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ሸምድዶ ያለፈ መምህር ሸምዳጅ ያፈራል። ነገ የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥመን «ዝም ብለህ ጻፍ!» ብለን እንዳናስቀምጠው እንሰጋለን።

ስለዚህ በጥናት ቡድናችን ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከቁጥሩ በፊት መነሻውንና መድረሻውን ይሳል፤ ምክንያቱንም በአማርኛ ይንገረን። «ሕጉ ነው» የሚል መልስ ከእንግዲህ አንቀበልም።

ለእህታችን መልሱን ዘግይተንም ቢሆን ሰጥተናታል። በጥያቄዋ ስላነቃችን እናመሰግናታለን።