ከክሪስ ክሮስ በፊት መስመር እናስምር



ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደ ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶ እንመለሳለን። ቤት እንደገባን ታናናሾቻችንና የጎረቤት ልጆች ደብተር ይዘው ይመጣሉ። በመድረሳም «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ናችሁ፣ ሒሳብ አስጠኗቸው» እንባላለን። ታዲያ የዋጋና የመጠን ሒሳብ ስናስጠና «ክሪስ ክሮስ» የምንለውን፣ ቁጥሮችን በሰያፍ የማባዛቱን ዘዴ፣ ከማሳየታችን በፊት ሥዕል እናስቀድም እንላለን።

3 ኪሎ ሽንኩርት 180 ብር ቢሸጥ 7 ኪሎ ስንት ያወጣል? ዘዴውን የሸመደደ ልጅ አባዝቶና አካፍሎ 420 ይላል። ልክ ነው። «የአንዱ ኪሎስ?» ስንለው ግን እንደ አዲስ ጥያቄ ያየዋል።

ሁለት ትይዩ መስመሮች እናስምርለት። የላይኛው ኪሎ፣ የታችኛው ብር ነው፤ ሁለቱም ከ0 ይጀምራሉ። ከ3 ኪሎ ሥር 180 ብር ይጻፍ። ሁለቱንም እኩል ሦስት ቦታ ሲከፍላቸው ከ1 ኪሎ ሥር 60 ብር ይውላል። 7 ኪሎ እንግዲህ ባለ 60 ብር ሰባት እርምጃ ነው። ሌላ ነጋዴ 5 ኪሎ በ275 ብር ቢል፣ አምስት ቦታ ከፍሎ 55 ያገኛል፤ የትኛው እንደሚረክስም ራሱ ይፈርዳል።

ሥዕሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ዘዴው ያለቦታው ሲገባ ነው። 4 ሰዎች አንድ የማሽላ ማሳ በ6 ቀን አርመው ቢጨርሱ፣ 8 ሰዎች በስንት ቀን ይጨርሳሉ? ክሪስ ክሮስ ብቻ የለመደ 12 ይላል። ሰው ሲጨመር ሥራው ዘገየ ማለት ነው! አራት ረድፍ በስድስት ዓምድ ሣጥኖች ብንሥል ግን 24 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ሣጥን የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። እነዚያኑ 24 በስምንት ረድፍ ስንደረድራቸው ሦስት ዓምድ ብቻ ይወጣቸዋል። መልሱ 3 ቀን ነው። የርቱዕና የኢ-ርቱዕ ወደረኛ ልዩነት በዓይን ታየ።

ለአካባቢያችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፣ በመድረሳ ዐረብኛ ይቀራሉ፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ቃሉ ሲቀያየር መስመሩ ያው ነው። ወረቀት ቢጠፋ በሎህ ላይ፣ ሎህ ቢጠፋ በመሬት ላይ በእንጨት ይሠመራል።

ጉዳዩ ከዲናችንም የራቀ አይደለም። ሱረቱል ሙጠፊፊን ስሟን ያገኘችው በስፍርና በሚዛን ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። የአንዱን ዋጋ የማያውቅ ገዢ መጉደሉን በምን ያውቃል? ዘካም እንዲሁ ነው። ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ገንዘብ የሚወጣው ከ40 አንድ ነው። 40 ሣጥን ሥለን አንዱን ብናጠቁር፣ 80,000 ብር ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ሣጥን 2,000 ብር ይደርሳል፤ የጠቆረው የሚስኪኑ ሐቅ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚም በአልጀብራ መጽሐፉ ስለ ንግድ ሒሳብ አንድ ክፍል ጽፏል፦ መጠንና ዋጋ አራት ቁጥሮች ናቸው፣ ሦስቱ ሲታወቁ አራተኛው ይፈለጋል።

«ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው፤ ሥዕል ጊዜ ይበላል» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ፈተና ላይ ይሣል አላልንም። ሲማር የሣለ ልጅ ፈተና ላይ በአእምሮው ያየዋል፤ ክሪስ ክሮሱንም የት እንደሚጠቀምበትና የት እንደሚተወው ይለያል።

ስለዚህ በዚህ ክረምት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ቀመር እናስጠና። ልጆቹ ቅዳሜ ገበያ የሰሙትን ዋጋ ይዘው ይምጡ፣ መስመር ያስምሩ፣ «የአንዱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።