ታኮ ጫማና የጎረቤት ሐቅ



የምርቃት ጊዜ ሲቃረብ በየዶርሙ ከአልጋ ሥር አዲስ ታኮ ጫማ ብቅ ይላል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገጠር የመጣን ብዙዎች ነን። እዚያ እግር የሚያውቀው ኮንጎ ጫማና በረባሶ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በጉና ግርጌ ስትወጣና ስትወርድ ያደገች ልጅ በካምፓስ ኮሪደር በታኮ ብትንገዳገድ የሚያስቅ ነገር የለውም፤ ያልለመዱት ነገር ነውና ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው፦ የጫማው ድምፅ፣ ደግሞም እኛ ስለ ድምፁ የምንናገረው።

ጉዳዩ በዲናችን አዲስ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር 31ኛው አንቀጽ ላይ ምእመናት የሸሸጉት ጌጥ እንዲታወቅላቸው ብለው እግራቸውን መሬት ላይ እንዳይመቱ ከልክሏል። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት በጃሂሊያ ዘመን ሴቶች አልቧቸው እንዲሰማ እግራቸውን ይመቱ ነበር። አልቦን የእኛም አያቶች ያውቁታልና ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አንቀጹ ግን ድርጊቱን ከዓላማው ጋር አያይዞ ነው ያነሣው። እንግዲህ ጫማዋ ሳታስበው የጮኸባትን እህት ሆን ብላ እንዳደረገችው ቆጥሮ መፍረድ አይገባም። ጫማዋ እንደሚጮኽ እያወቀች ሰው በሚያጠናበት ላይብረሪ መሐል ለመሐል የምታልፍ ደግሞ ልቧን ትጠይቅ።

ወንድሞች ሆይ! ይህን አንቀጽ ለእህቶች ከማንበባችን በፊት ከእርሱ ቀድሞ ያለውን እናስታውስ፤ እዚያ ላይ ዐይናቸውን እንዲሰብሩ የታዘዙት ወንዶች ናቸው። እርምጃህን አስተካክል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ የሚለውን ምክርም ሉቅማን የሰጠው ለወንድ ልጁ ነው። በሱረቱ አል-ፉርቃን በምድር ላይ በዝግታ የሚሄዱ ተብለው የተወደሱት የአር-ረሕማን ባሮችም ወንዶችንም ሴቶችንም ያጠቃልላሉ። ታኮ ራሱ በታሪክ የወንድ ጫማ ነበር፤ የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው ከእርካብ እንዳይንሸራተት ያደርጉት ነበር። ዛሬ ደግሞ ለፈጅር ውዱእ ስንነሣ ነጠላ ጫማችንን በኮሪደሩ ጧ ጧ እያደረግን የምንቀሰቅሰው ማንን ነው? ፈተና ያለባቸው፣ ሌላ እምነት ያላቸው የዶርም ልጆች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በሃይማኖት አይለይም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢቃማ ሲሰማ እንኳ ወደ ሶላት በእርጋታ እንድንሄድ እንጂ እንዳንሮጥ አስተምረውናል።

ስለዚህ ከወቀሳው ይልቅ ሙያውን እንነጋገር። ታኮ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ የጫፉ ጎማ አልቆ ምስማሩ ሲወጣ፣ ጫማው ሰፍቶ ተረከዝን እየለቀቀ ሲመታ፣ ወይም እርምጃ ሲረዝም ነው። ጫፉን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ በጎማ ማስቀየር፣ የሰፋውን ጫማ ውስጡን ሶል መጨመር ይቻላል። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ስለሚያብጥ ጫማን ከሰዓት በኋላ ለክቶ መግዛት ይሻላል። ሲራመዱ ዐይንን ወደ ፊት፣ ጉልበትን ለቀቅ፣ እርምጃን አጠር አድርጎ፣ ተረከዙን ሳይወረውሩ ቀስ ብሎ ማሳረፍ ነው። ደረጃ ሲወርዱ እግርን ጥቂት ወደ ጎን አዙሮ መደገፊያውን መያዝ ይጠቅማል። ቀጭን ታኮ በኮብልስቶን ድንጋዮች መሐል ስለሚገባ አጭርና ወፍራሙ ለእኛ መንገድ ይበጃል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ከፍ ያለ ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ ጣቶች ይገፋል፤ ዘወትር ሲለበስም የባትን ጡንቻ ያሳጥራል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ጠፍጣፋ ጫማ መያዝ ብልህነት እንጂ ውርደት አይደለም።

ቁመትን የመሻት ነገር የቆየ ነው፤ ከሁለት ረጃጅም ሴቶች ጋር ስትሄድ የእንጨት እግር ያደረገችው አጭር የበኒ ኢስራኢል ሴት ታሪክ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ማንም እህት ግን በታኮዋ ቁመት አትለካም። በኮንጎ ጫማ የመጣችውም፣ ታኮ የለበሰችውም የአንድ ጀመዓ ልጆች ናቸው።

አንዲት ፍሬሽ ተማሪ ስለ ጫማዋ ተሳቀብኝ ብላ ከጀመዓችን ብትርቅ፣ የጠፋብን ነገር ከየትኛውም የጫማ ድምፅ ይከብዳል። ነሲሓ በአደባባይ ሲሰጥ ስድብ ይሆናል። እህት ለእህቷ ለብቻ፣ በለሰለሰ ቃል ትንገራት፤ ከተቻለም የጎማውን ዋጋ ትሸፍንላት። ወንድም ደግሞ ዐይኑን ይስበር፤ የራሱን ነጠላ ጫማም ያዳምጥ።

አላህ እርምጃችንን ያሳምርልን። ወላሁ አዕለም።