ጉልበቱ ለማን ነው?



ሞላሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አንዳንድ ልጆቻችን ወደ ቤት የሚሄዱት በመንገዱ ሳይሆን በድንጋይ ካቡ ላይ ነው። ይሮጣሉ፣ ካቡን በአንድ እጅ ተደግፈው ይሻገራሉ፣ ከእርከን ወደ እርከን ይዘላሉ፣ መሬት ሲነኩ ተንከባለው ይነሣሉ። አንዱ ደግሞ በስልክ ይቀርጻል። "ምንድን ነው ይሄ?" ስንላቸው "ፓርኩር" አሉን። የእኛ መልስ አንድ ቃል ነበር፦ "ውረዱ!" ከመካከላችንም "ይህ የዓለም ነገር ነው፤ ከወጣቶች ኅብረት ይታገዱ" ያልን አለን። ዛሬ ይህን መልሳችንን በጌታ ፊት እንደገና ልናየው ወደድን።

ፓርኩር ከየት መጣ? በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዦርዥ ኤቤር የሚባል የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን፣ ሰው በመሮጥ፣ በመውጣት፣ በመዝለልና በመሸከም ሰውነቱን እንዲያሠለጥን ያስተምር ነበር። መርሑም ሰው ብርቱ መሆን ያለበት ለሌላው እንዲጠቅም ነው የሚል ነበር። ትምህርቱ ወደ ወታደሮች ሥልጠና ገባ፤ "ፓርኩር" የሚለው ስምም የተገኘው ወታደሮች ከሚሠለጥኑበት የመሰናክል መንገድ የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። ሬይሞን ቤል የሚባል ሰው በልጅነቱ በቬትናም ይህን ተለማመደ፤ በኋላም በፓሪስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆነ። ልጁ ዳቪድ ቤልና ጓደኞቹ ደግሞ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በሊስ ከተማ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጡት። ከዚያ በፊልምና በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ተቀበለው፤ በ2022 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በቶኪዮ ተካሄደ። እንግዲህ ሥሩ ሲታይ፣ ሰውን ከእሳት የሚያወጣ ጉልበት ነበረበት።

ልጆቻችንን የሳባቸው ምንድን ነው? ሜዳ አይጠይቅም፣ ኳስ አይጠይቅም፣ የመመዝገቢያ ብር አይጠይቅም። ካብና ገደል ደግሞ መንዝ መቼ አጥቶ! ከዚህም በላይ፣ ትናንት የፈሩትን ካብ ዛሬ ሲሻገሩት "እችላለሁ" የሚል ነገር በውስጣቸው ይነሣል። ሥራ ላጣና ማንም እንደማይፈልገው ለሚያስብ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ልንሰጠው የሚገባንን ካቡ ሰጥቶት ይሆን?

ፍርሃታችን ግን ከንቱ አይደለም። ልጁ በስልኩ የሚያየው የመጨረሻዋን ዝላይ ብቻ ነው፤ በዝቅተኛ ቦታ ለዓመታት የተደጋገመውን ልምምድ አያይም። ሰይጣንም ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ጠይቆት ነበር (ማቴ. 4፥5-7)። በዚያ ዝላይ የሚድን ሰው አልነበረም፤ የሚገኘው ትርፍ መታየት ብቻ ነበር። ጌታም እምቢ አለ። ለመታየት ብቻ የሚዘለል ዝላይ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የተሰበረው እግር ግን ይቀራል።

ሆኖም ያው ወንጌል ወደ ላይ የወጡ ሌሎች ሰዎችን ያሳየናል። አራት ሰዎች ሽባ ወዳጃቸውን ተሸክመው ቅፍርናሆም መጡ፤ ሕዝቡ በሩን ስለ ዘጋባቸው ጣራ ላይ ወጡ፣ ጣራውን ነድለው አወረዱት (ማር. 2፥1-12)። እኛ በዚያ ብንኖር ኖሮ "ውረዱ!" ብለን መጮኻችን አይቀርም ነበር። ኢየሱስ ግን እምነታቸውን አየ። ጫፍ ላይ መውጣቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጉልበቱ ለማን እንደ ሆነ ነው።

ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በግ ጠባቂ ልጅ ግልገሉ ገደል ውስጥ ሲቀርበት በእጁና በእግሩ ድንጋይ እየቧጠጠ ይወርዳል። ማንም "የዓለም ነገር ነው" አይለውም። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ መኪና መንገድ የሚያደርስም የወጣት ትከሻ ነው።

ስለዚህ ከማገድ ይልቅ እንቅረባቸው እንላለን። ለስላሳ መሬት እናሳያቸው፤ ከዝቅተኛው ካብ እንዲጀምሩ፣ የሌላ ሰው ጣራና አጥር እንዳይነኩ፣ ብቻቸውን እንዳይዘሉ እንምከራቸው። ቀጥለንም ሥራ እንስጣቸው፦ ጣራቸው የሚያፈስ አቅመ ደካማ እናቶች አሉን፤ የሚሸከማቸው ያጡ በሽተኞች አሉን። ሰውነትን ማስለመድ ጥቂት ጥቅም እንዳለው ጳውሎስም አልካደም (1 ጢሞ. 4፥8)። ያ ጥቂቱ ለወንድም ሲውል ይበዛል።

አንተም ካብ ላይ ሆነህ ይህን በስልክህ የምታነብ ወንድማችን፣ አንድ ነገር ስማን። ከመቅደሱ ጫፍ ለመታየት ያልዘለለው ጌታ፣ በመስቀል ላይ ሳለም "ውረድ" ብለው ዘብተውበታል (ማቴ. 27፥40)። መውረድ ይችል ነበር፤ ስለ አንተና ስለ እኛ ብሎ አልወረደም። ኃይሉን ሁሉ ለሌላው ያዋለ እንደ እርሱ ማንም የለም። ወደ እርሱ ና፤ በመካከላችንም ቦታ አለህ።

ጌታ ሆይ፣ በልጆቻችን ላይ መጮኽን ትተን አብረናቸው እንድንቆም ጸጋህን ስጠን። አሜን።