ከማተም ማንበብ ይቅደም

የከፋ ገበሬዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ! በጊምቦም፣ በዴቻም፣ በጨናም ያላችሁ፣ «መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ አደረገ» ሲባል ሰምታችኋል። ታዲያ ከመካከላችሁ ድጎማውን በእጁ የቆጠረ ማን አለ? ማንም የለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ በሚያጥራቸው ወረዳዎች የሴፍቲኔት ክፍያ ሲሰጥ፣ ችግረኛው ገንዘቡን ወይም እህሉን በእጁ ይረከባል። የማዳበሪያ ድጎማ ግን እንዲህ አይደለም። ቅናሽ ሆኖ፣ በዋጋው ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ስለዚህ ዋጋውን ያላነበበ ሰው ድጎማው ይድረሰው አይድረሰው አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማዳበሪያ ከውጭ አገር በዶላር ይገዛል። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ይመጣል። በ1989 ዓ.ም. መንግሥት ድጎማውን አንስቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ዋጋው በዓለም ገበያ ናረ። ማዳበሪያ በብዛት ከሚሸጡት አገሮች አንዷ ሩሲያ ናት፤ እርሷና ዩክሬን በዚያው ዓመት ጦርነት ገጠሙ። ያኔ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለድጎማ መደበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ተወደደ፤ ድጎማውም ቀጠለ።

ይህ ገንዘብ የማን ነው? የሕዝብ ነው፤ ከግብርና ከቀረጥ የተሰበሰበ ነው። ቡናችን በጫካ ጥላ ሥር ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። ውጭ አገር ሲሸጥ የሚያስገኘው ዶላር ግን ለበቆሎውና ለጤፉ ማዳበሪያ መግዣ ይሆናል። እንግዲህ ድጎማው ችሮታ አይደለም። የላባችሁ ድርሻ ነው።

እስቲ በተማርነው ሒሳብ እናስላው። ቁጥሩ ለመማሪያ ብቻ ነው። አንድ ከረጢት እዚህ እስኪደርስ 100 ብር ፈጀ እንበል። መንግሥት 30 ብር ከፈለ። ከገበሬው የሚፈለገው 70 ብር ነው። አንዱ «85 አምጣ» ቢለውስ? ከድጎማው ግማሹ፣ 15 ብር፣ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ገበሬው ግን «ከ100 ይሻላል» ብሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ከማስተምራቸው አባቶች አንዱ፣ አንድ ቀን የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ። ፊደል በፊደል አብረን አነበብነው። በዱቤ የወሰዱት አንድ ከረጢት ነው። ወረቀቱ ግን «2» ይላል። ከሥሩ የእርሳቸው ጣት ታትሞበታል። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ዕዳው ተስተካከለላቸው፤ በመመላለስ ያለፈው የእርሻ ቀን ግን አልተመለሰላቸውም። ዛሬ በጣታቸው አይፈርሙም፤ ስማቸውን ይጽፋሉ።

«ማንበብ ማዳበሪያ አያመጣም» የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው። ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በኋላ ከደረሰ ፊደል በቆሎ አያበቅልም። ጥፋቱም የሚያታልለው ሰው እንጂ ያልተማረው ገበሬ አይደለም። ስለዚህ ዋጋውን በግልጽ ማሳወቅ የሻጩ ግዴታ መሆን አለበት። ህንድም ለገበሬዎቿ ማዳበሪያ ትደጉማለች፤ እዚያ ግን ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ ከረጢቱ ላይ ታትሞ ይሸጣል። እኛስ ቢያንስ በመጋዘኑ በር ላይ መጻፍ ያቅተናል?

በሚቀጥለው የማኅበራችሁ ስብሰባ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ።

1. የእያንዳንዱ ማዳበሪያ ሙሉ ዋጋ፣ ድጎማውና ገበሬው የሚከፍለው በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።
2. ደረሰኙ ላይ የማዳበሪያው ዓይነት፣ የከረጢቱ ብዛትና ዋጋው ይጻፍ።
3. የዱቤው መዝገብ በአባላቱ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ገና ያልተማረ ጎረቤት ካላችሁ አብራችሁት ሂዱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ተረታችን። እኛ ደግሞ ከማተም ማንበብ ይቅደም እንበል!