የአውራ ጐዳና ፖሊስ ለመሆን ስለሚሻ ልጅ

ዛሬ የምንጽፈው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት የአውራ ጐዳና ፖሊስ ለመሆን ስለሚሻ ወጣትና ስለ ወላጆቹ ነው። በዚያ ግዛት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጐዳና የሚገኘውም ሠፈራቸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ስለዚህ ልጁ «ይህን ሥራ ልያዝ» ብሎ የሚለምነው አባት ከአንባቢዎቻችን ዘመድ ወገን ሊሆን ይችላልና ነገሩን በማስተዋል መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ይህ የፖሊስ ክፍል የተቋቋመው በ1929 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዱ አውራጃ በየራሱ መንገዱን ያስጠብቅ ነበርና የመንገድ ሕግ በአንዱ ሲጠብቅ በሌላው ይላላ ነበር፤ ስለዚህ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለሁሉ የሚሆን አንድ ክፍል አቆመ። ሥራውም በታላላቆቹ አውራ ጐዳናዎችና ከከተሞች አስተዳደር ውጪ በሆኑት መንገዶች ሕግን ማስከበር፣ ለተጐዳ ሰው ፈጥኖ መድረስ፣ የግጭትንም ምክንያት መርምሮ መጻፍ ነው።

ወጣቶች በዚህ ሥራ የሚወዱት አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን የሚታየውን ነው፤ ይኸውም የደንብ ልብሱን፣ ሞተር ቢሲክሌቱን፣ የመኪናውንም ፍጥነት ነው። እኛ ግን በችሎት አጠገብ ተቀምጠን የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆንን የሚታየን ሌላው ነው። የዚህ ፖሊስ ዋናው መሣሪያ ቃሉ ነው። መኪናና መኪና ሲጋጩ ዳኛው በሥፍራው አልነበረም፤ የጐማው ምልክት ከየት እስከ የት እንደ ደረሰ፣ ነጂውም መጠጥ መጠጥ ይሸት እንደ ሆነ የሚረዳው ፖሊሱ ከጻፈው ነው። በዚያች ጽሑፍ አንድ ሰው የመንጃ ፈቃዱን፣ ገንዘቡን፣ ነፃነቱንም ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ የዚያ አገር ሕግ በሐሰተኛ ፖሊስ ላይ የጠነከረ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚረዳውን ማስረጃ እንዳይሸሽግበት ፈረደ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የምስክሩን አለመታመን የሚያሳይ ነገር ከዚሁ እንዲቈጠር ወሰነ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሲዋሽ የተገኘ ፖሊስ በመሰከረ ቍጥር ውሸቱ ሊነሣበት ይችላል፤ ቃሉ የማይታመን ፖሊስም ለችሎት ምን ይጠቅማል? በ2021 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ባወጣችው ሕግ ደግሞ ከባድ ጥፋት ያደረገ ፖሊስ የሙያ ምስክር ወረቀቱን እንዲነጠቅ ተፈቅዷል፤ በወንጀል ነገር ሐሰት መጻፍም ከነዚያ ጥፋቶች አንዱ ነው።

አመልካቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ መሆን አለበት፤ የጽሕፈትና የጕልበት ፈተናም አለበት። ከዚያ በኋላ መርማሪዎች ስለ ቀድሞ አኗኗሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዕዳውም ይጠይቃሉ፤ ሐኪምም ሰውነቱን ይመረምራል፣ አእምሮውም ይፈተናል። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ጥፋት ነበረችብኝና ልሸሽጋት» የሚል ወጣት ከጥፋቱ ይልቅ መሸሸጉ እንደሚጐዳው ይወቅ።

ፈተናውን ያለፈ በዌስት ሳክራሜንቶ ባለው ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገብቶ እዚያው እያደረ 6 ወር ያህል ሕግን፣ መኪና መንዳትን፣ ተኩስንና የመጀመሪያ ርዳታን ይማራል። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶችም ገብተውበታልና ይህ ምክር ለሴት ልጅ ወላጆችም ነው። ተማሪው ሲመረቅ የሚላከው ሥራው ወደሚፈልገው ሥፍራ እንጂ ወደ እናቱ ቤት አቅራቢያ ብቻ አይደለም።

አደጋውንም መሸሸግ አይገባም። በ1970 ዓ.ም. በአፕሪል ወር በእኩለ ሌሊት ግድም፣ በኒውሆል አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ መኪና አስቆሙ፤ ሁለት ባልንጀሮቻቸውም ሊረዷቸው ደረሱ። 5 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን አራቱም በሁለት ወንጀለኞች ጥይት ወደቁ። ሁሉም በኻያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበሩ፣ ሥራ ከጀመሩም ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መኪና የማስቆሙ ሥርዓትና የተኩሱ ትምህርት ተሻሻለ፤ የሞቱት ልጆች ግን ወደ ወላጆቻቸው አልተመለሱም። ዛሬም ቢሆን የዚህ ፖሊስ ቤተ ሰብ ሌሊቱን በር የሚያዳምጥ፣ በዓሉንም ያለ እርሱ የሚውል ነው።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ከፍርሃት የተነሣ ብቻ አይከልክል፤ ለክብር ብሎም አይገፋፋ። ይልቁንም የልጁን ጠባይ በቤቱ ይመርምር። ልጁ ዕቃ ሲሰብር «እኔ ነኝ» ይላልን? ሲሰድቡት ይታገሣልን? ከእርሱ በሚያንሱት ላይ ሥልጣን ሲሰጠው በልክ ይዘዋልን? በካሊፎርኒያ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም፣ አስቸኳይ አደጋ ካልከለከለው በቀር፣ ሌላ ጥያቄ ከመጠየቁ አስቀድሞ ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር ታዟል። በቤቱ ምክንያቱን ሳይናገር ታናናሾቹን የሚቈጣ ልጅ በመንገድ ላይ ይህን ሕግ መፈጸም ይከብደዋል።

መኪና መንዳትንና ተኩስን ማሠልጠኛው በ6 ወር ያስተምራል፤ ራስን በሚጐዳ ጊዜ እንኳ እውነት መናገርን ግን ማሠልጠኛው ከቤት የመጣውን ይቀበላል እንጂ በ6 ወር አይተክለውም። ይህን ልማድ ያስያዘ አባት ልጁን ቢመርቅ ይገባዋል፤ ገና ያላስያዘም ልጁ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ዛሬ ይጀምር።